የጳጉሜን ስድስት ልጅ

ኅዳር 1፣ ሰኞ። ጠዋት 1፡40

ማታቱ ውስጥ ነኝ፣ እዚህ አገር ሚኒባስ ታክሲ የሚሉት። የሞምባሳ መንገድ እንደ ልማዱ ቆሟል። ዝናብ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጃንጥላውን ጫማዬ ላይ ያንጠባጥባል። ዝም ብዬዋለሁ፤ ዛሬ ንዴቴን ለሌላ ሰው ቆጥቤዋለሁ።

ስሚኝ፣ ደብተር። አበልጄ አልማዝ ገና በ12 ሰዓት ደወለች። እያለቀሰች! ባሏን ጋሽ ግዛውን ከሰሱት። የእኛን ጋሽ ግዛው! ሰባት ልጆች ፈርመው ለአገር ቤት ደብዳቤ ጽፈዋል። የቆንስላ ሥራውን መከታ አድርጎ የአገሩን ልጅ በዘበዘ፣ ፓስፖርት እየያዘ በነጻ አሠራ ብለው። መርማሪ ሳይቀር መጥቷል፤ ኅዳር 15 ሰኞ ጽ/ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሁሉንም ይሰማል።

የጽ/ቤቱ አለቆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ጋሽ ግዛው ግን ከፓስፖርት መስኮቱ ኋላ ስንት ዘመኑ! ልጄ ሊዲያ ስትወለድ ወረቀቷን በአንድ ቀን የጨረሰልኝ እሱ። ክርስትና ያነሳቻት አልማዝ። ባሌ ጁባ በሄደ ቁጥር «አበልጄ፣ ምን ጎደለሽ?» ብላ የምትደውልልኝ አልማዝ። እና እነዚህ ውለታ ቢሶች! ለአልማዝ እንዲህ አልኳት፦ ማንም ይጠይቀኝ፣ ቆሜ እመሰክራለሁ።

ወራጅ አለ ብያለሁ። በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል።


ኅዳር 2፣ ማክሰኞ። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬ ደግሞ ሳቅ። የሊዲያ ት/ቤት ልጆቹን ሊያስጎበኝ ነው፤ ፎርም ልኳል። የወላጅ ስም፣ የወላጅ የትውልድ ቀን። አውቃ ጮክ ብላ ትጠይቀኛለች፣ መልሱን እያወቀችው። ጳጉሜን 6 እላለሁ። ሶፋው ላይ ትንከባለላለች። ፎርሙ አሥራ ሁለት ወር እንጂ አሥራ ሦስተኛ አያውቅማ!

ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነ በእሷ ቆጠራ አሥር ልደት ብቻ ነው ያከበርኩት። እሷ አሥራ ሦስት። «ሶ ቴክኒካሊ እኔ ነኝ ትልቋ፣ ማሚ። ጎ ቱ ቤድ።» ብትሰሚያት! ያለፈው ጳጉሜን ኬክ አምጡ ብዬ ስለምን እንደዚሁ ስቃብኛለች፦ ወሩ አምስት ላይ አልቆ፣ በማግስቱ እንቁጣጣሽ፣ የእኔ ቀን የለችም። ዘንድሮም የለችም። ከርሞ ነው ኬኬ። ቤተሰቡ ሁሉ ይህን ቀልድ ጠግቦታል፣ እሷ ብቻ አልጠገበችውም።

የፈረንጁን ቀን ጽፌ ፈረምኩላት።


ኅዳር 4፣ ሐሙስ። ምሳ ሰዓት

ምሳዬን አልበላሁም። የምሠራበት ትኬት ቢሮ ጓዳ ገብቼ ነው የምጽፈው። ፍጥነቴን ታያለሽ፣ ፊደሉ ተዛብቷል።

ትዕግስት መጣች። ታስታውሻታለሽ? ሳውዝ ሲ ሰፈር ከሦስት ልጆች ጋር ቤት የተከራየችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊዲያን አማርኛ ታስነብብልኝ የነበረችው። ከግንቦት ወዲህ፣ ለእንቁጣጣሽ አንዴ ካየኋት በቀር፣ ጠፍታብኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም አትመጣም። ተቀይሜያት ነበር፣ እውነቴን ነው። ዛሬ መስኮቴ ጋ ቆማ ሳያት ደንበኛ እንኳ እያለ ጮህኩባት፦ ምነው፣ ረሳሽን?

ስሟ ደብዳቤው ላይ እንዳለ ያኔ ነገረችኝ። ከሰባቱ አንዷ እሷ ናት።

ልወርድባት አፌን ከፈትኩ። እጇን አየሁ። ጣቶቿ መሃል ለመሃል ተሰነጣጥቀዋል፣ የሳሙና ቁስል። ጓዳ አስገባኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ ፓስፖርቷን ለማሳደስ ሰጠች። ጋሽ ግዛው ተቀበላት። ሲቀበላት «ለመረጃ ነው» ብሎ ባዶ መስመር ላይ አስፈረማት። ከዚያ ፓስፖርቱ «በሂደት ላይ» ሆነ። እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ አልማዝ የምታከራየው አዳራሽ፣ ሠርግና ድግስ ባለ ቁጥር «ትብብር» ይደረጋል። ሳህን ማጠብ። ማስተናገድ። እሑድ ሙሉ ቀን። የማይተባበር ሰው ወረቀቱ ከሥር ይገባል። ስድስት ወር! ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች። «ኪፓንዴ»፣ መታወቂያ፣ ቢሏት የምታሳየው የላትም።

አሁን ሞምባሳ ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ኬክ ቤቱ ውስጥ ቀጥሯታል። ፈትነው ነው የወሰዷት፣ ከስንት ሰው መሃል! ግን ዋናውን ፓስፖርት እስከ ኅዳር 20 ካላሳየች ቦታው ለሌላ ነው። ጋሽ ግዛውን ስትለምነው፣ ድሮ ወስደሻል፣ መዝገብ ላይ ፈርመሻል አላት። ወስዳለች ከተባለ ደግሞ እሷ ራሷ ጥላዋለች ማለት ነው። እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ወራት።

የመጨረሻው ነገር አንጀቴን ቆረጠው። «እትዬ፣ እኔኮ እሳቸውን አላውቃቸውም ነበር። እርስዎ ነዎት የወሰዱኝ።»

እውነቷን ነው። እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሰው በሰልፍ ሲጉላላ በጓሮ በር ያስገባኋት እኔ። ኩራቴን አስቢው።


ኅዳር 5፣ ዓርብ። ከሰዓት 10

አላመንኩም። አመንኩ። አላመንኩም።

ለአልማዝ ደወልኩ፣ ወሬ አስመስዬ። ሳልጨርስ ቃሉን ከአፌ ነጠቀችኝ። ልጆቹ ሥራ ፈተው ከሚቀመጡ መተባበራቸው ምን ነውር አለው? በልተው ጠጥተው፣ የአገራቸውን ዘፈን ሰምተው ይሄዳሉ። ፓስፖርት ደግሞ ሁሉም ወስደዋል፣ ፊርማቸው አለ። በራሳቸው እጅ!

ፊርማ ፊርማ ነው። ትንሽ ቀለል አለኝ። ሰው እኮ ሲጨንቀው ይዋሻል፣ ትዕግስትም ሰው ናት። ከዚያ እጇ ትዝ አለኝ። ሻይ ደፋሁ። ቢሮው ሁሉ አየኝ።


ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ጠዋት 12፡30

ደብተር! ደብተር! ደብተር!

ተቀመጪ። አይ፣ እኔ ልቀመጥ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልነካኝም፣ ግን ድካም የለብኝም፣ ዳንስ ዳንስ ይለኛል። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ እዘባርቃለሁ።

ትናንት ወደ ማታ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ግዛው። ኬክ ይዞ፣ ሸሚዙ በዝናብ ረጥቦ። ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ያረጀ መሰለኝ፣ ሆዴ ባባ። ሊዲያን ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ከቦርሳው አንድ ገጽ አወጣ። የመዝገቡ ግልባጭ፣ ማኅተም ያለበት። የስም ዝርዝር፣ ፓስፖርት ተረከብኩ የሚል ዓምድ፣ ፊርማ። ሰባቱም አሉ። ሦስተኛዋ ትዕግስት፤ ፊርማዋን አውቀዋለሁ፣ ያቺ ጭራዋን የምታዞረው «ት»። ከሥር «እማኝ» የሚል ባዶ መስመር።

የመጣበት ጉዳይ እሱ ነው። ትዕግስት ስትረከብ አይቻለሁ ብዬ እንድፈርም። አላየሁም፣ ጋሽዬ፣ አልኩት። ሳቀ። «አንቺ ያመጣሻት ልጅ አይደለች? አንቺ ካልመሰከርሽ ማን ይመስክርላት?» ለራሱ ሳይሆን ለእሷ የመጣ ነው የመሰለኝ! ወረቀት ለማሟላት ነው አለኝ። አልማዝ እንቅልፍ አጥታለች አለኝ። ሊዲያን እያየ፣ የክርስትና እናቷ ስም ሲጠፋ ልጅቷስ ምን ይሰማታል አለኝ።

ልዋሽሽ አልችልም። እስኪሪብቶውን አነሳሁ። ፊርማው የራሷ ነው፣ መዝገቡ ማኅተም አለው፣ ሰውዬው ኬክ ይዞ መጥቷል። የነገሮች ክብደት ሁሉ ወደ እሱ ነበር። የስሜን «ሮ» ልጀምር ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳርፌአለሁ።

ሊዲያ በትከሻዬ በኩል ታነባለች። አማርኛ ካየች ማንበብ አለባት፤ ትዕግስት ያስለመደቻት ነው። ፊደል በፊደል፣ እንደ ሽማግሌ። «ቀ-ን… ጳ-ጉ-ሜን… ስ-ድ-ስት።» ከዚያ ጮኸች። «ማሚ! የአንቺ በርዝደይ!»

አየሁት። ሰባቱም ስም ፊት ለፊት አንድ ቀን ነው። ያለፈው ጳጉሜን 6። የእኔ ቀን!

ያልነበረችው ቀን።

አምስት ላይ ያለቀ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ከየት ያመጣል? የጳጉሜን አምስት ማግስት እንቁጣጣሽ ነበር! ጽ/ቤቱ ዝግ፣ ሁላችን አልማዝ አዳራሽ፣ ምግቡን ያቀረበችልኝ… ትዕግስት። ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ። አሁን ነው የታየኝ። ያኔ አቅፌ ስሜያት፣ በዓልን አብራን ልታሳልፍ የመጣች መስሎኝ፣ ሌላ ጠርሙስ ለስላሳ አምጪልኝ ብያታለሁ።

ገባሽ፣ ደብተር? ባዶውን መስመር ያስፈረማቸው ቀድሞ ነው። ቀኑን የሞላው አሁን፣ ክሱ ሲመጣ፣ በችኮላ። ከአዲስ ዓመት በፊት አስረክቤ ነበር ሊል ወደ ኋላ ቆጥሮ የመጨረሻዋን ቀን ጻፈ። ጳጉሜን ደግሞ ማን ይቆጥራል? ሰው ሁሉ ስለ በዓል ዶሮ ሲያስብ የምታልፍ ወር! እኔ ግን እቆጥራታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የቆጠርኳት ወር ናት።

ሊዲያ ልትቀጥል ነበር፤ «ግን ማሚ፣ አልነበረም አልሽኝ እኮ…» እግሯን ረገጥኩት። ቢሰበርም ግድ የለኝም። ኬኩን ቁረጪ ሂጂ አልኳት። ጋሽ ግዛው ስልኩን እያየ ነበር። አልሰማም።

ነቅቶ ቢሆን ኖሮ! መዝገቡ እስከ ሰኞ እጁ ላይ ነው። ስድስቷን አምስት ለማድረግ ምን ይፈጃል? ስለዚህ ፈገግ አልኩ። መነጽሬን ቢሮ ረስቼዋለሁ አልኩት፣ ጋሽዬ፣ በደንብ አንብቤ ሰኞ ይዤልዎት እመጣለሁ። ወረቀቱን ይተዉልኝ አልኩት። ትቶልኝ ሄደ! እኔ አበልጁ ነኛ።

መነጽሬ ጭንቅላቴ ላይ ነበር።


ኅዳር 11፣ ሐሙስ። ከምሽቱ 2 ሰዓት

ዝም ማለት ምን ያህል ይከብዳል! እኔን ታውቂኛለሽ። ምስጢር እኔ ዘንድ ከገባ እስከ ምሳ አያድርም። ሦስት ቀን ሙሉ አፌ ይበላኛል። ቢሮ ውስጥ ለአንድ ተሳፋሪ የመመለሻ ቀን ጳጉሜን 6 ብዬ ልመዘግብ ነበር። ለባሌም በስልክ አልነገርኩትም። ሊዲያን በመስቀል አስምያታለሁ፤ እሷ ግን ፊልም ውስጥ ያለች መስሏታል፣ ባየችኝ ቁጥር አፏን እንደ ዚፕ ትዘጋለች።

ለትዕግስት እንኳ አልነገርኩም። ብነግራት ለስድስቱ ትነግራለች፤ ስድስቱ ለአሥራ ሁለት። ምሽቱን ሳውዝ ሲ ይሰማል፣ ማለዳውን ኪሌሌሽዋ።

ግን ዛሬ ጻፈችልኝ። የጋሽ ግዛው የምስክር ዝርዝር ውስጥ ስሜን አይታለች። «እትዬ፣ ለእሳቸው ሊመሰክሩ ነው?» ያ ብቻ። ሰላምታ እንኳ የለው።

መልሱን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። አልመለስኩላትም። አንብቤ ዝም እንዳልኳት ታውቃለች፣ ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆኗል። እስከ ሰኞ ድረስ ከሃዲ ነኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ በመስታወቱ ራሴን አይቼ ሳቅኩ፣ አፍንጫዬ ቲማቲም ነበር።


ኅዳር 14፣ እሑድ። ከቀኑ 11

ቅበላ። ነገ ጾም ይገባልና አልማዝ አዳራሹን ከፍታለች። ባልሄድ ይጠረጥራሉ። ሄድኩ።

ሥጋው፣ ዘፈኑ፣ ሰው በሰው ላይ። አልማዝ በሩ ላይ አቀፈችኝ፣ ቶሎም አልለቀቀችኝም። ከስታለች። አንገቷ ላይ ያሰረችው እኔ ለልደቷ የሰጠኋት ሻርፕ ነው። አጎረሰችኝ፤ አንዱን ጉርሻ ስውጥ ሌላው ተዘጋጅቷል። ሊዲያን «ልጄ» እያለች ፀጉሯን ታስተካክላለች፣ ሊዲያ ደግሞ እኔን ታየኛለች፣ ማሚ አሁን ምን ላድርግ በሚል ዓይን። ልጄን እዚህ ውስጥ ስላስገባኋት አዘንኩ።

ልነግራት ነበር፣ ደብተር። እውነቱን ልንገርሽ። ጎን አድርጌ፣ አልማዝዬ፣ ፓስፖርቶቹን ዛሬውኑ መልሱ፣ ይቅርታ ጠይቁ ልላት አስቤ ጓዳ ይዣት ገባሁ። እዚያ ሁለት ልጆች ሳህን ያጥባሉ። አንደኛዋ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወገቧን ይዛ ቀና ስትል አልማዝ እኔን ማናገሯን ሳታቋርጥ «ያኛውንም ድስት» አለቻት። በክፋት አይደለም፣ መብራት እንደምታበራ። ልጅቷ ድስቱን አነሳች። «ይኸውልሽ፣ ይተባበሩናል» አለችኝ አልማዝ፣ ከልቧ። አምናበታለች! እሱ ነው ያስደነገጠኝ።

ሳልነግራት ጉንጯን ስሜ ወጣሁ። ጋሽ ግዛው እስከ መኪናው ማቆሚያ ሸኘኝ፣ ወረቀቱስ? አለኝ። ነገ፣ ጋሽዬ። እጄን ጨበጠኝ፣ በሁለት እጁ።

ታክሲ ውስጥ ሊዲያ፣ አንቲ አልማዝ ከአሁን በኋላም የክርስትና እናቴ ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ናት አልኳት። ክርስትና አይሰረዝም። ግን ከነገ በኋላ እሷ እኛን ትፈልገን እንደሆነ አላውቅም። አሥራ ሦስት ዓመት አብረን በልተናል። ሲያምመኝ ሾርባ ይዛ የምትመጣ ሴት ናት።


ኅዳር 15፣ ሰኞ። ጠዋት 3፡50

የጽ/ቤቱ ኮሪደር። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። አግዳሚ ወንበሩ ቀዝቃዛ ነው፤ እኔ ግን እየጋልኩ ነው። ሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ አልሆንኩም!

መዝገቡ ገብቷል! በዓይኔ አየሁ፤ ጋሽ ግዛው ራሱ፣ በሁለት እጁ፣ ለመርማሪው ጸሐፊ አስረክቦ ተረክቤአለሁ የሚል አስፈረመ። ያቺ ገጽ አንድም ፊደሏ ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ናት። ከእንግዲህ ማንም አይፍቃትም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ፊት ለፊቴ አልማዝ። ሻርፑን አድርጋለች። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም «በርቺ፣ አበልጄ» ትላለች፣ በከንፈሯ ብቻ።

ከፓስፖርት መስኮቱ በኩል ሰዎች እንደ ወትሮው ይሰለፋሉ። አንዷ ልጅ ፓስፖርቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፣ ለማን እንደምትሰጠው ታያለች። አንቺ፣ ቆይ ትንሽ፣ ልላት ፈለግኩ።

በሩ ተከፈተ። ትዕግስት ወጣች። ኀዘንም ደስታም ፊቷ ላይ የለም፣ የደከማት ናት። አልተቀበሏትም መሰለኝ፤ ፊርማሽ ነው ወይ አሏት፣ ነው አለች፣ አለቀ። በአጠገቤ ስታልፍ አልተመለከተችኝም። ጠራኋት። ቆመች፣ ፊቷን ሳትመልስ። ሲጀምሩ ምን ይጠይቃሉ? አልኳት። ለምን እንደፈለግኩት ሳይገባት መለሰችልኝ፣ ጨዋ ልጅ ናታ። «ስም። ከዚያ የትውልድ ቀን።»

ሳቅኩ! ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። ትዕግስት ያፌዝኩባት መስሏት ዓይኗ እንባ ሞላ። ትንሽ ጠብቂኝ፣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ፣ ኅዳር 20 ገና ነው አልኳት። ቁልፌን፣ ጃንጥላዬን፣ ምሳ ዕቃዬን፣ ያለኝን ሁሉ እቅፏ ላይ አስቀመጥኩ። እንዳትሄድብኝ።

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የእማኝ መስመሩ ባዶ ነው፣ ያቺ የእስኪሪብቶ ነጥብ ብቻ አለችበት። እናገራለሁ። ወስኛለሁ። አልማዝን እያየሁ እናገራለሁ፣ ወደ ግድግዳ ዞሬ አይደለም፤ ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ። ክርክር አያስፈልገኝም፣ ማንንም ሌባ አልልም። የሚጠይቁኝን ብቻ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ያንን መዝገብ ይክፈቱልኝ እላለሁ።

ስሜን ጠሩ። አልማዝ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ከኋላዬም ተከተለችኝ። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ጸሐፊው ወረቀት እየፈለገ ነው፣ አንድ መስመር እችላለሁ። ስም፣ ሮማን። የትውልድ ቀን፣